የአራዳ ተክሎች፦ ከኮሶ ገበያ እስከ ድቅል አበባ

የአዲስ አበባን የቀድሞ መሐል ከተማ የሚያጠኑ ጽሑፎች አራዳንና ፒያሳን አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በሆቴሎቹ፣ በወርቅ ቤቶቹና በሲኒማ ቤቶቹ በኩል ሲሆን፣ በየግቢው የተተከሉት ዕፀዋት ግን እንደ ጌጥ ብቻ ተቆጥረው ከትረካው ውጭ ቀርተዋል። ይህ አያያዝ የታሪኩን ትልቅ ክፍል ያጎድላል፤ ምክንያቱም ከተማዋ በቦታዋ መጽናቷ፣ የቤቶቿ አሠራርና የነዋሪዎቿ የዕለት ኑሮ ከባሕር ማዶ ከመጡና ከአገር ውስጥ ከተገኙ ተክሎች ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ነበር። በዚህ ጽሑፍ አራዳ ሲባል ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የነበረው ገበያና በዙሪያው ያደገው ሰፈር ሲሆን፣ ፒያሳ የሚባለውም በዚያው አካባቢ ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የንግድ ማዕከል ሆኖ የታወቀው ክፍል ነው። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውኃ ሜዳ ወርዳ መቆርቆር ስትጀምር፣ የአራዳ ገበያ የአገሪቱ ምርት ሁሉ የሚገናኝበት አደባባይ ሆነ፤ በተለይ ቅዳሜ ቀን እህል፣ ቅቤ፣ ማር፣ አሞሌ ጨውና ከብት ከየአውራጃው ይጎርፍበት ነበር። በዚህ ገበያ ተክል የሚሸጠው በዋናነት ለመብል፣ ለመጠጥና ለመድኃኒት ነበር። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ለወጥና ለቅመም፣ አሪቲና ጠጅ ሣር ለመልካም መዓዛቸው፣ ቄጤማ ደግሞ በበዓል ቀን ለቤት ወለል ይፈለጉ ነበር። ከአበቦች ሁሉ በገበያ ዋጋ የነበረው ግን የኮሶ አበባ ነው። ኮሶ በደጋው ኢትዮጵያ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ሲሆን፣ ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ የአበባ ዘለላ ደርቆ፣ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ የኮሶ ትልን ከሆድ ያስወጣል። ጥሬ ሥጋ መብላት በተለመደበት ኅብረተሰብ ይህን መድኃኒት በየሁለት ወሩ ገደማ መውሰድ ለመኳንንቱም ለተራውም ሰው የተለመደ ስለነበር፣ የኮሶ አበባ ሳይቋረጥ ገዢ የሚያገኝ ሸቀጥ ነበር። ስለዚህ የአራዳ የአበባ ንግድ ታሪክ ሲጻፍ መነሻው የሰርግ እቅፍ አበባ ሳይሆን መራራው የኮሶ ዘለላ ሊሆን ይገባል።

ይህ ማለት ግን የዚያ ዘመን ሰው አበባን ለውበቱ አያደንቅም ነበር ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ተብለው የሚታወቁ ሲሆን፣ ድንግል ማርያምንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለ የሚያመሰግነው የማኅሌተ ጽጌ ሥርዓት በዚሁ ወቅት ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፤ ወቅቱም ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ የሚሸፈንበት ወቅት ነው። አበባ በዚህ ባህል ውስጥ የዘመን ምልክትና የምስጋና ቋንቋ ነበር፤ በእንቁጣጣሽ ልጆች ከሜዳ ለቅመው በእቅፍ ያዞሩታል እንጂ በግቢ ውስጥ አልምተው አያሳድጉትም ነበር። አልምቶ የማሳደግና የመጠበቅ ልማድ የሚታየው በዛፎች ላይ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ያሉት ጥድ፣ ወይራና ዝግባ የደብሩ ንብረትና ክብር ተደርገው ስለሚታዩ ምሳር አይነካቸውም፤ በዙሪያው ያለው ደን ሲመነጠርም እነርሱ ይተርፋሉ። ለቀድሞው የአካባቢው ዕፀዋት ሕያው ማስረጃ የሚሆኑት እነዚህ ቅጽሮች በመሆናቸው፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ከሥነ ሕንፃው ባሻገር በዛፎቹ በኩል ሊጠና ይገባዋል።

የተክልን ታሪክ ከከተማዋ ታሪክ ጋር ጨርሶ የማይነጠል ያደረገው ግን የማገዶ እጦት ነው። ከቀደሙት ዘመናት ጀምሮ የኢትዮጵያ ነገሥታት ሰፈር ተንቀሳቃሽ የነበረበት አንዱ ምክንያት በአንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ የሰፈረ ሠራዊት በዙሪያው ያለውን እንጨት ስለሚጨርሰው ነው፤ አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ የእንጦጦና የአካባቢው ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ በመመናመኑ ተመሳሳይ ዕጣ ሊገጥማት ተቃርቦ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በደን በተከበበው በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩትም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ሐሳቡ ቢሰምር ኖሮ አራዳ ዛሬ ባለታሪክ የከተማ መሐል መሆኗ ቀርቶ የተተወ የጦር ሰፈር ፍርስራሽ ሆና በቀረች ነበር። ዋና ከተማው እንዳይዛወር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ መኳንንቱ፣ ነጋዴዎቹና የውጭ አገር መልእክተኞች በድንጋይና በእንጨት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱባቸው ቤቶች ሲሆኑ፣ ሌላው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳዊው በካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ አማካይነት እንደሆነ ብዙ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ሞንዶን ቪዳዬ የአማርኛና የኢትዮጵያ ጽሑፎች አጥኚ የነበረና በምኒልክ ቤተ መንግሥትም የሚታወቅ ሰው ነበር። በደጋው በሰፊው የተተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ ተቀባይነቱን ያፋጠኑት ጠባዮቹ በግልጽ የሚታወቁ ናቸው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገርና ለአጣና ይደርሳል፣ ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው ችግኙ ጠባቂ አያሻውም፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ምርት ይሰጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በአነስተኛ ዋጋ ለሕዝቡ እንዲዳረስ በማድረጋቸውና ተካዩም ጥቅሙን ፈጥኖ በማየቱ፣ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ ደን መሰለች። የጭቃ ቤት ምሰሶና ማገር፣ የአጥር እንጨት፣ የእንጀራ ምጣድ ማገዶ ሁሉ ከዚሁ ዛፍ ይገኝ ጀመር፤ ከእንጦጦ ተዳፋት ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ድካምም ከዚያ ጊዜ ወዲህ የከተማዋ ኑሮ አንድ ክፍል ሆኖ ቀጥሏል፤ የእነርሱ ድርሻ በከተማዋ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ቦታ ማግኘቱ አግባብ አይደለም።

በባሕር ዛፍ ላይ የሚነሣው ቅሬታም አዲስ አይደለም። ዛፉ ብዙ ውኃ ስለሚስብ ምንጮችና ጉድጓዶች ደረቁ የሚል ሮሮ በመሰማቱ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍና በሌሎች ተክሎች እንዲተካ የሚያዝ አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ ግን ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ፤ ባለይዞታው ማገዶና ገንዘብ የሚያገኝበትን ዛፍ በገዛ እጁ ሊነቅል አልፈለገም፣ መንግሥትም የሚተካውን ማገዶ ከየትም ሊያመጣ አልቻለም። ዛሬ በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና በገበሬዎች መካከል የሚደረገው ክርክር መሠረተ ሐሳቡ በዚያን ጊዜ ተቀምጦ የነበረ ነው ማለት ይቻላል።

ከባሕር ዛፍ መስፋፋት ጎን ለጎን የመጣው ሌላ ለውጥ የጓሮና የደጅ አትክልት ልማድ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ የአዲስ አበባ ቦታ በግል ይዞታነት እንዲመዘገብ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ የሚፈቅድ ደንብ ማውጣታቸው ለተክል ታሪክ ያለው ትርጉም እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም። ሰው ነገ ሊለቀው በሚችለው ቦታ ላይ ጎመንና ቃሪያ ይዘራ ይሆናል እንጂ ለማበብ ዓመታት የሚጠብቅ ቁጥቋጦ አይተክልም፤ ይዞታው ሲጸና ግን አጥሩም፣ የጥላ ዛፉም፣ የደጅ አበባውም ለልጅ የሚተላለፍ ንብረት ይሆናል። በዚሁ ዘመን በአራዳ ዙሪያ የሰፈሩት አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶችና ሌሎች የውጭ ተወላጆች፣ እንዲሁም የአገሩ ባለጸጎች፣ በጥርብ እንጨት ያጌጡ ሰገነቶችና በረንዳዎች ያሏቸውን ቤቶች ሠሩ። በረንዳ ደግሞ በጣሳም ሆነ በሸክላ የተተከለ አበባ የሚቀመጥበትን ቦታ ከቤቱ አሠራር ጋር አብሮ ይዞ የመጣ የሕንፃ ክፍል ነው።

በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ እየተለመዱ የሄዱት ተክሎች የዓለምን ካርታ የሚያስቃኙ ናቸው። ቡገንቪሊያና ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ ሰዎች ቁንዶ በርበሬ የሚሉት ቅርንጫፉ የሚያጎነብሰው ዛፍ ከፔሩና ከአካባቢው፣ ቀይ ቅጠሉ በበጋ የሚያምረው ፖይንሴቲያ ከሜክሲኮ፣ በጣሳ የሚተከለው ጄራኒየም ከደቡብ አፍሪካ፣ ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመነጩ ናቸው። የመሬቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ መሆኑ ቀኑን መጠነኛ፣ የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ግን ቀዝቃዛ ስለሚያደርገው፣ በአራዳ ሜዳ ላይ የሚጸናው በሌላው ዓለም ደጋማ ወይም ወይና ደጋማ አየር የለመደ ተክል ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ የጸናው ተክል ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በአብዛኛው በስጦታ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ቁራጭ ይለምናል፣ ቁራጩም ተተክሎ ሥር ሲያወጣ የእናቲቱ ትክክለኛ ግልባጭ ይሆናል። በዚህ መንገድ የተሸጋገረ አበባ በዘር ከሚራባው የሚለየው የትውልድ ሐረጉ ሳይበረዝ ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ሊቆይ በመቻሉ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፍቅር ቀዳሚ የሆነችው ጽጌረዳ ናት። ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የዱር ጽጌረዳ አላት፤ እርሱም ነጭ አበባ የሚያብበውና ፍሬው የሚበላው እሾሃሙ ቀጋ ነው። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች ባሳተመው መጽሐፍ ቀጋን በኢትዮጵያ የቀድሞ የአውሮፓ መጠሪያ ሰይሞ መዝግቦታል። በግቢ የሚተከሉት ባለ ብዙ የአበባ ቅጠል ጽጌረዳዎች ግን ድቅል ናቸው። ድቅል የሚባለው የአንዱን ዝርያ የአበባ ብናኝ በሌላው ዝርያ አበባ ላይ በማኖር የሁለቱን ጠባይ አጣምሮ የያዘ ዘር በማግኘት የሚፈጠር ተክል ነው። የቻይናና የአውሮፓ ጽጌረዳዎች በዚህ መንገድ ተዳቅለው ዓመቱን ሙሉ እየደጋገሙ የሚያብቡት ዝርያዎች ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1867 በፈረንሳይ የወጣችው ላ ፍራንስ የተባለችው ጽጌረዳም የዘመናዊዎቹ ድቅሎች መነሻ ተደርጋ ትቆጠራለች።

ይኸው ሊንድሊ ቀጋን በመዘገበ በዓመቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1821፣ ካትሊያ ለተባለው የኦርኪድ ወገን ስም ያወጣ ሰው መሆኑ ሁለቱን ተክሎች አብሮ ለማየት ምክንያት ይሰጣል። ካትሊያ ከብራዚልና ከአጎራባች የደቡብ አሜሪካ አገሮች የሚገኝ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ ነገር ግን ከዛፉ ምግብ የማይወስድ ኦርኪድ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ተክሉን በሙቀት ቤቱ ካሳበበው ከእንግሊዛዊው ነጋዴ ከዊልያም ካትሊ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ዶሚኒ የተባለ አትክልተኛ በቬች ቤተሰብ የችግኝ ጣቢያ ካትሊያዎችን ማዳቀል ጀመረ። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀና የራሱ ስንቅ የሌለው በመሆኑ በተፈጥሮ ለመብቀል የሻጋታ ወገን የሆኑ ፍጥረታትን እርዳታ ይሻል፤ ስለዚህ ሥራው ለብዙ ጊዜ በዕድል ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቆይቶ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ነድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ዘሩን ስኳር ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ማብቀል እንደሚቻል ካስረዳ በኋላ ነው ድቅሎቹ በብዛት የተስፋፉት። ዘሩ ከበቀለ በኋላም የመጀመሪያውን አበባ ለማየት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለአራዳ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የአዘራሩ ጥበብ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው የሳንደር የኦርኪድ ድቅሎች መዝገብ፣ ከ1961 እ.ኤ.አ. ወዲህም በእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልተኞች ማኅበር የተያዘው ቀጣዩ መዝገብ፣ እያንዳንዱ ድቅል እናቱና አባቱ እነማን እንደሆኑ፣ ማን እንዳዳቀለውና መቼ እንደተመዘገበ ያስረዳል። በዚህም ምክንያት ከመቶ ዓመት በፊት የተዳቀለ አሮጌ ካትሊያ ዛሬ በአንድ ሰው ደጅ ቢያብብ፣ ሥሩ እየተከፈለ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ያው የመጀመሪያው ተክል መሆኑ ሊታወቅ ይችላል፤ ወዳጆቹም ከአዳዲሶቹ ድቅሎች አበባው ቢያንስ እንኳ ለመዓዛው፣ ለጥንካሬውና ለታሪኩ ሲሉ ይጠብቁታል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይወርድበት የሚፈልገው ይህ ተክል በአራዳ ሜዳ ላይ ያለ መስታወት መጠለያ በበጋ ብርድ ይጎዳል፤ አያያዙ ግን፣ ማለትም ስምን፣ ምንጭንና ባለቤትን ከተክሉ ጋር አብሮ ማስተላለፉ፣ ምንም ዓይነት የሙቀት ቤት አያሻውም።

በአራዳ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም፤ ተክሉ ተላለፈ፣ ስሙና ታሪኩ ግን በመንገድ ቀረ። የዚህም ምክንያት የሰዎቹ ግድየለሽነት ብቻ አይደለም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ከፈጸሙት ጭፍጨፋ ጋር ብዙ የከተማዋ ቤቶች ከነግቢያቸው ተቃጠሉ፤ የጣልያን አስተዳደር የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ሲያዛውር ደግሞ የሰፈሩ አቀማመጥ ተለወጠ። ከአብዮቱ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለብዙ ጭቁን ነዋሪዎች መጠለያ ያስገኘ መሆኑ ሳይካድ፣ አንድ ቤተሰብ ይኖርባቸው የነበሩ ግቢዎች ለብዙ አባወራዎች ተከፋፈሉ፤ የአትክልት ቦታው ማዕድ ቤት፣ መጸዳጃ ወይም ተጨማሪ ክፍል ተሠራበት። በአጥር ላይ የተንጠለጠለው ቡገንቪሊያና በጥግ ያለችው ጽጌረዳ ቦታ ስለማይሻሙ ተረፉ እንጂ ማን እንደተከላቸው የሚያውቀው ቤተሰብ ተበትኖ ነበር።

በአንጻሩ ከፒያሳ ብዙ በማይርቀው አራት ኪሎ የተለየ ሥራ ተሠርቷል። በዚያ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ብሔራዊ ሄርባሪየም ያቋቋመ ሲሆን፣ ሄርባሪየም ማለት ተጭነው የደረቁ ዕፀዋት ከተሰበሰቡበት ቦታ፣ ቀንና የሰብሳቢ ስም ጋር የሚጠበቁበት ቤተ መዛግብት ነው። በእነዚህ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጻሕፍት ዝግጅት ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ስድስተኛ ቅጽ ኦርኪዶችን የያዘ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ደግሞ አገሪቱ ከ160 የሚበልጡ የኦርኪድ ዝርያዎች እንዳሏት ያሳያል። ከእነዚህ ውስጥ በክረምት በደጋ ሣር መካከል ብቅ የሚሉ የመሬት ኦርኪዶች ሲገኙ፣ በደቡብ ምዕራቡ የቡና ደን ዛፎች ላይ የሚያድጉና ነጭ አበባቸው በምሽት የሚሸት እንደ ኤራንጊስ ያሉም ይገኛሉ። የውጭውን ካትሊያ ከማድነቅ በፊት እነዚህን ማወቅ ለኢትዮጵያዊ አበባ ወዳጅ የሚቀድም ነው፤ ከደን ነቅሎ ማምጣት ግን ዝርያውን ማጥፋት በመሆኑ ከቶ ሊበረታታ አይገባም።

ካለፉት 25 ዓመታት ወዲህ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ በተስፋፋው የአበባ እርሻ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር ሆናለች፤ ወደ አውሮፓ የሚላከውም በአብዛኛው ድቅል ጽጌረዳ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዝርያ የአዳቃዩን መብት የሚያስከብር ስምና ውል አለው። በአንጻሩ የአራዳ አሮጌ ጽጌረዳዎች ስም አልባ እንደሆኑ ለሌላ ለውጥ ተጋልጠዋል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ወዲያውኑ በፒያሳ በስፋት የተካሄደው የማፍረስና የኮሪደር ልማት ሥራ መንገዱን አስፍቶ አዲስ ሣርና አዳዲስ አበቦች ያስተከለ ቢሆንም፣ ከፈረሱት ቤቶች ጋር የተነቀሉት ዕፀዋት ምን እንደነበሩ የሚናገር ዝርዝር አልተዘጋጀላቸውም። ቤት ሲፈርስ ቢያንስ ፎቶግራፍና የይዞታ ካርታ ይቀራል፤ ያልተመዘገበ ተክል ሲነቀል ግን የሚቀር ነገር የለም።

ስለዚህ በአራዳና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች ገና በቆሙት ግቢዎች ውስጥ ያሉ ነዋሪዎች የአሮጌ ጽጌረዳቸውን፣ የቡገንቪሊያቸውንና የጥላ ዛፋቸውን ታሪክ ከአረጋውያን ጠይቀው እንዲጽፉ፣ ግቢያቸው ለልማት ሲፈለግም ከመልቀቃቸው በፊት ቁራጭ ወስደው ከነስሙ ለሌላ እንዲያስተላልፉ፤ የከተማው አስተዳደርም ከማፍረሱ አስቀድሞ የዕፀዋት ባለሙያ ወደየግቢው እንዲልክ፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከልም ከዱር ዝርያዎች ጎን ለእነዚህ የከተማ ቅርስ ተክሎች አንድ መደብ እንዲከፍትላቸው ይገባል።